ጥቆማ፦ ለግዕዝ ዶክትሬት በእርግጥ የሚያማክር አማካሪ የት ይገኛል?

የብራና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴን በፊሎሎጂ (በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ጨርሼ ዶክትሬት ልጀምር ነው። የምሠራው አንድ ገድል ላይ ነው። የገጠር ደብር ውስጥ ያለ ብራና ነው፤ 84 ቅጠል፣ ባለ ሁለት ዓምድ። ቄሰ ገበዙ ፈቅደውልኝ ሙሉውን በስልኬ አንስቼዋለሁ። ያሰብኩት ሦስት ቦታ ነው፦ እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ ሐምቡርግ፣ ኔፕልስ። ስለ ከተማው ውበት አልጠየቅሁም፤ የትኛው ስም አለው ብዬም አልጠየቅሁም። ምዕራፍ ስልክለት አንብቦ የሚመልስልኝ ሰው የት አለ? የተማራችሁበትን፣ ወይም የሚማር ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ስድስት ኪሎ ለዘላለም፦
ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ነው? ስድስት ኪሎ! የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም ቤቱ ገነተ ልዑል ነው፤ ጃንሆይ የኖሩበት ቤተ መንግሥት። አገርህ ላይ፣ በገዛ ቋንቋህ፣ ምንጩ ዳር ቁጭ ብለህ መማር እያለ ለግዕዝ አውሮፓ ይኬዳል? ቡና ለመጠጣት ብራዚል እንደመሄድ ነው።

ሰባት ወር፦
የኔን ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ ሰውየውንም አልጠራም። ሁለተኛውን ምዕራፍ ጥቅምት ላይ ሰጠሁት። አትሜ፣ በክላሰር አድርጌ። ኅዳር ሄድኩ፤ «እያየሁት ነው»። ጥር ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው። መጋቢት ሄድኩ፤ ውጭ አገር ነው። ግንቦት ላይ ራሱ ደወለልኝ። ክላሰሩን ተቀብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ገጽ 3 ላይ አንዷን ነጠላ ሰረዝ በቀይ እስክሪብቶ ድርብ ሰረዝ አድርጓታል። ከዚያ ወዲያ 41 ገጽ እንደ በረዶ ነጭ። መጨረሻው ላይ «ቲዎሪው የታለ?» ብሎ ጽፏል።

ገጽ 10 እና 11 መሀል ቀጭን ነጭ ክር አስቀምጬ ነበር። ሆን ብዬ። ክሩ እንዳለ ነው።

ቀበና ማዶ፦
ክሩ ገደለኝ 😂😂

ሐዋሳ ላይ ነኝ፦
እኛ ዘንድ ፀጉር ነው የሚቀመጠው። ክር ያስታውቃል።

ዶክተር (ገና)፦
እድለኛ ነህ እኮ። አንዲት ሰረዝ አግኝተሃል። የኔው በዲፌንሴ ቀን ጠዋት ደውሎ «ርእስህን እስቲ አስታውሰኝ» አለኝ። አዳራሽ ውስጥ ግን «ከተማሪዬ ጋር ሌት ተቀን የደከምንበት ሥራ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምክንያታችን ግን ይለያያል።

ቀበና ማዶ፦
ሰባት ወር፣ ከዚያ በኋላ ምን አደረግክ? ቲዎሪውን ጨመርክ?

ሰባት ወር፦
ሦስት ገጽ ጨመርኩ። ምኑም አልገባኝም። «አሁን ሥራ ሆነ» አለኝ። ክሩን እንደገና አስቀምጬ ነበር። አልጠይቅም በሉ።

አማካሪ ነኝ፦
ሁላችሁም ተማሪ ስለሆናችሁ ከወዲያኛው ወንበርም አንድ ሰው ይናገር። በአሁኑ ሰዓት 14 ተማሪ አለኝ። ከነሱ ስድስቱ ርእሳቸው ከኔ ሙያ ጋር አይገናኝም፤ ክፍሉ ሰው ስላጣ ነው የተሰጡኝ። አንዱ ተማሪዬ ለዓመት ከአራት ወር ጠፍቶ የሆሳዕና ዕለት ማታ 190 ገጽ ላከልኝና «ለማክሰኞ ይድረስልኝ» አለ። ደመወዛችንን አታንሱብኝ። ክር ባገኝ ግን ባለቤቱን ጠርቼ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ዶክተር (ገና)፦
ዶክተር፣ 15ኛ ተማሪ ይቀበላሉ? 🙏

የብራና ልጅ፦
ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ጠፋ። ደግሞም እህት ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም።

ኮፒ ቤት ወዳጅ፦
እህቴ፣ አማካሪውን ተዪው፤ ትልቁ ነገር መጠረዙ ነው። ከግቢው በር ወጥተሽ ወደ ታች ስትወርጂ ሁለተኛው ኮፒ ቤት አለ። መስኮቱ ላይ የወርቅ ፊደል ናሙና ተሰቅሏል። እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ደንበኛው ነኝ። ጠንካራ ሽፋን፣ የወርቅ ጽሑፍ፣ በአንድ ቀን። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ።

ሐዋሳ ላይ ነኝ፦
እሱ ቤት የኔን ጀርባ ላይ «ዩኒቨርቲ» ብሎ በወርቅ ጽፎልኛል። «ሲ»ዋ የለችም። አምስት ኮፒ።

ኮፒ ቤት ወዳጅ፦
ሰው ነው፣ ይሳሳታል። የኔንም ከገጽ 60 እስከ 72 ገልብጦ ጠርዞታል፤ እስከ ዛሬ ፈተና ሰጪዎቹ አላወቁም። ጨዋ ሰው ነው። ዱቤም ይሰጣል።

ዶክተር (ገና)፦
ፈተና ሰጪዎቹ አለማወቃቸው ስለ ኮፒ ቤቱ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ይነግረናል።

ተክለ ፊደል፦
ስለ ጽሑፍ ከተነሳ አንድ ቁም ነገር። እህታችን፣ የግዕዝ ጽሑፍሽን ለማንም አስጸፊ ቤት አትስጪ። ራስሽ ጻፊው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ ብቻ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የኮምፒውተር ፊደሎች (ፎንቶች) የለመዱ ጽሑፍ ቤቶች ግን ዛሬም አሉ። እነሱ የጻፉት ነገር እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ አማካሪሽ ሲከፍተው አራት ማዕዘንና የፈረንጅ ምልክት ብቻ ነው። ጓደኛዬ 120 ገጽ እንደገና ጽፋለች። ኪማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም አውርጂ፤ ነጻ ነው። ፎንቱን አቢሲኒካ አድርጊው። ለማጣቀሻ ዞቴሮ፤ እሱም ነጻ ነው።

የዋሸራ ልጅ፦
እናንተ ሰዎች፣ ስለ ሰረዝ ታወራላችሁ። ግዕዝ መማር የፈለገ ሰው የኔታ ዘንድ ይሂድ። ለቅኔ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ። ዜማ ከሆነ ደግሞ ለድጓ የጋይንቱ ቤተልሔም። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ። ለአቋቋም ጎንደር በአታ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ትጀምሪና ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ትደርሻለሽ። ቀን የቆጠርሽውን ቅኔ ማታ ለየኔታ ትነግሪያለሽ። የተሳሳተውን እዚያው ያቃኑልሻል፣ በቃል። ወረቀት የለ፣ ክላሰር የለ። የኔታ ሰባት ወር ዝም ብለው አያውቁም። ዝም ካሉም ቅኔሽ ስለማይረባ ነው፤ ያው መልስ ነው።

ቀበና ማዶ፦
ውሻውስ? አኩፋዳ ይዞ ለቁራሽ ሲዞር የነከሰው ውሻ ጠባሳ ያለበት ሰው አውቃለሁ።

የዋሸራ ልጅ፦
ጠባሳው ግሬዱ ነው።

የብራና ልጅ፦
ሴት ነኝ ብያለሁ እኮ። ቅኔ ቤት እንዴት ነው የምገባው?

የዋሸራ ልጅ፦
እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴት ነበሩ። ዓይነ ስውርም ነበሩ። ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ስንቱን የቅኔ መምህር አፍርተዋል። ምክንያት አትፈልጊ።

ስድስት ኪሎ ለዘላለም፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ወረቀቱን ከስድስት ኪሎ ያዢ።

አዳማ፦
ቶሮንቶ የግዕዝ ትምህርት የለም እንዴ? ዘፋኙ ዘ ዊክንድ ገንዘብ የሰጠበት።

ቀበና ማዶ፦
አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው 50 ሺህ የካናዳ ዶላር የሰጠው። አቤል የኛ ልጅ!

አዳማ፦
የድሮ ዘፈኖቹ ይሻሉ ነበር ግን።

ሐዋሳ ላይ ነኝ፦
በፍጹም! የአሁኖቹ ናቸው።

(እዚህ ላይ ስለ ዘፈን የተጻፉ 19 መልሶች በአወያዩ ተነስተዋል።)

ኤልበ ዳር፦
ሐምቡርግ ነው ያለሁት፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ወደ ጥያቄሽ ልመልስሽ።

እዚህ ሂዮብ ሉዶልፍ በሚባለው ማእከል ነው የኛ ነገር የሚጠናው። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የሚሉት ባለ አምስት ቅጽ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 የታተመው፣ የተዘጋጀው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ቤተ መጻሕፍት የሚባል የብራና ፕሮጀክትም አለ፤ እስከ 2040 እንዲዘልቅ ታቅዷል። ስለዚህ ገድልሽን ስትጠሪው «እሱ ምንድን ነው?» የሚልሽ የለም።

አሠራሩ ከኛ ይለያል። እኛ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ እንገባለን፣ ከዚያ አማካሪ ይመደብልናል። ጀርመን ግን መጀመሪያ ሰው ነው። አንድ ፕሮፌሰር «እቀበላታለሁ» ብሎ ካልጻፈልሽ ምዝገባ የለም። ስለዚህ የሚቀበልሽ ሰው ርእሱን ፈልጎት ነው የሚቀበልሽ። ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ይኸው፦ ማንም አይከተልሽም። «ምዕራፉ የት ደረሰ?» ብሎ የሚደውል የለም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ክረምት አራት ወር ሙሉ ምንም ሳልጽፍ ቆይቻለሁ፤ የጠየቀኝ እናቴ ብቻ ናት። ስትልኪ ግን ይነበባል። የመጀመሪያው ምዕራፌ ሲመለስ በእርሳስ ጥቁር ብሎ ነበር። አንዲት «ወ» ከየትኛው ቅጂ እንዳመጣኋት ተጠይቄ ሁለት ቀን ፈልጌያታለሁ።

ገንዘብ፦ የትምህርት ክፍያ የለም። በሴሚስተር ከ300 ዩሮ ትንሽ የሚበልጥ መዋጮ አለ፤ የትራንስፖርት ካርዱ እሱ ውስጥ ነው። ስኮላርሺፕ ከሌለሽ ግን ለቪዛ 12 ሺህ ዩሮ ገደማ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ የሚለቀቅ የባንክ ሒሳብ) ውስጥ ማሳየት አለብሽ። በብር አታስቢው፤ እንቅልፍ ያሳጣሻል። መጀመሪያ የጀርመኑን የስኮላርሺፕ ድርጅት፣ ዳአድን፣ ሞክሪ።

ስድስት ኪሎ ለዘላለም፦
ብርዱን ለምን አልነገርካትም?

ኤልበ ዳር፦
ብርዱ አማካሪ አይደለም።

ጣልያን በር፦
ስለ ኔፕልስ ማንም አልመለሰላትም፤ ባጭሩ ልበል። ኦሪየንታሌ ይባላል፤ በኛ ጥናት የቆየ ቤት ነው። ሰዎቹ ጽሑፍ ያነብባሉ፤ ፊደል በፊደል። ግን ጣልያንኛ ካልቻልሽ ኮሪደር ላይ የሚወራው ያመልጥሻል። ብዙው ምክር ደግሞ ኮሪደር ላይ ነው። ፒዛው እውነት ነው።

ጸጥታ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የገድሉን ሌሎች ቅጂዎች ፈልገሻል? አማካሪ ከመፈለግሽ በፊት ይሄ ይቅደም። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ስድስት ከሆነ ሌላ ነው። ስድስቱን ማስተያየት፣ የቱ ከየቱ እንደተቀዳ መለየት፣ ልዩነቱን በግርጌ ማስቀመጥ አለ። ያን የለመደ አማካሪ ያስፈልግሻል።

ፍለጋው ደግሞ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ ነበር። ቅጂው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል፣ ሂል የተባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ካታሎግ ሲሠሩለት ኖረዋል። አሁን ብዙው በኢንተርኔት ይታያል፤ በነጻ ትመዘገቢያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ደግሞ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ፤ የነሱንም ካታሎግ እዪ።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፊ፤ ሁለት ገጽ አይለፍ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ትልቅ አድናቂዎ ነኝ» አትበይ። ስንት ቅጠል እንደሆነ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ ስንት ቅጂ እንዳገኘሽ፣ የቱ አንቀጽ እንዳስቸገረሽ ጻፊ። የሰውየውን አንድ ጽሑፍ አንብበሽ የማትስማሚበት ካለ እሱንም ጨምሪ። ሦስቱም ቦታ ላኪው። ማን በስንት ቀን እንደመለሰልሽ ቁጠሪ። የጠየቅሽው ጥያቄ መልስ እሱ ነው፤ እኛ አይደለንም።

አንድ ደግሞ፦ አሁን የሚማሩትን ሳይሆን የተመረቁትን ጠይቂ። አሁን ያሉት ይፈራሉ።

አማካሪ ነኝ፦
ጸጥታ የጻፉትን አትሜ በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ። የቋንቋ ሰነዳ ለሚሠሩም አንድ ልጨምር። የሚጠፉ ቋንቋዎችን ለመሰነድ ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም ከለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ከሶአስ ለቆ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በርሊን ነው ያለው። ተማሪዎቼ አሁንም ለንደን ይጽፋሉ።

የዋሸራ ልጅ፦
የኔታ ኢሜይል የላቸውም። በአካል ነው።

የብራና ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጸጥታን። ትናንት ሌሊቱን ስፈልግ አደርኩ። ሁለት ቅጂ አገኘሁ! አንደኛው ላይ እኔ ጋ ያለው የተአምሩ ክፍል የለም፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔ ጋ የሌለ መልክእ (የውዳሴ ግጥም) አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሞላ፤ ዛሬ ጠዋት ላክሁት።

ስድስት ኪሎ ለዘላለም፦
ለኛ ነው፣ አይደል? የመግቢያ ፈተናውን ግን እንዳትረሺ!

ኤልበ ዳር፦
ለማን ላክሽው?

ጣልያን በር፦
ለሦስቱም ነው ወይስ ለአንዱ?

ሰባት ወር፦
ክሩንስ?

ኤልበ ዳር፦
ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ መለሱልሽ ወይ?

ለገጣፎ፦
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ያ የወርቅ ፊደል ያለው ኮፒ ቤት እሁድ ይሠራል?

ኮፒ ቤት ወዳጅ፦
ከቅዳሴ በኋላ ይከፍታል። እኔ ላክሁኝ በለው።