ድራፍቱ አረፋ ብቻ ሆነብኝ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ድራፍት ቤቴ ልቅዳ ብዬ ያገለገለ የኬግ (የቢራ በርሜል) ፍሪጅ ገዝቼ አሳሬን እያየሁ ነው። ባለ 5 ጋሎን የላገር ቢራ ኬግ አስገብቼ አንድ ቀን ሙሉ አሳረፍኩት፣ ሬጉሌተሩን (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያውን) 12 ፒኤስአይ ላይ አደረግኩት፣ ስከፍተው ግን የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ብቻ፣ ሁለተኛው ግማሹ አረፋ፣ ሦስተኛው ላይ ነው የሚጠጣ ነገር የሚመጣው። አዲስ አበባ ጃምቦ ሲቀዳ ሳይ ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሙያ ነው!

ግፊቱን ወደ 6 ዝቅ ሳደርገው መጀመሪያ የተሻለ መሰለኝ፣ ከዛ በሁለት ሦስት ቀኑ ቢራው ጋዙ ወጥቶ ውሃ ውሃ አለኝ፣ አረፋውም አልቀረልኝም። ስለዚህ ወደ 12 መለስኩት።

ፍሪጁ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 38 ፋራናይት ይላል፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስለካው ግን 47 ነው፣ ላይ ያለው ታወርም (መቅጃው ቧንቧ የተገጠመበት ቋሚ) ሲነካ ምንም አይቀዘቅዝም። ሌላው የጠረጠርኩት ቢራውን ከኬጉ ወደ ቧንቧው የሚወስደውን ቱቦ ነው፣ የውስጥ ስፋቱ 3/16 ኢንች ሆኖ ርዝመቱ 5 ጫማ ብቻ ነው። አንዱ 10 ጫማ አድርገው ይለኛል፣ ሌላው ትንሽ ፋን ገጥመህ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ታወሩ ንፋው ይላል፣ የቱን ላስቀድም? ቧንቧውን ፈትቼ አጥቤዋለሁ፣ ስቀዳም ብርጭቆውን አዘንብዬ እጀታውን ሙሉ ነው የምከፍተው፣ እሱን አትጠይቁኝ።

የፊታችን እሁድ የልጄ ክርስትና ነው፣ እንግዳ ፊት አረፋ በማንኪያ ስቀንስ እንዳልገኝ ቶሎ መልሱልኝ በናታችሁ።