ሲ ድራይቭ ሞልቷል፤ የድምፅ ላይብረሪዎቼን ሳላበላሽ እንዴት ቦታ ላስለቅቅ?

ክራር_በቤት፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው።

እቤት መዝሙር አቀናብራለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። የምሠራው በማቀናበሪያው ኤፍኤል ስቱዲዮና ላይብረሪ የሚባሉትን የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች በሚያጫውተው በኮንታክት ነው። ትናንት ማታ የአንዲት ዘማሪ ድምፅ እየቀዳሁ መሀል ላይ ቀጥ አለብኝ፤ ዲስኩ ሞልቷል አለ። ልጅቷ አዝማቹን ከልቧ እየዘመረችው ነበር፣ ደግመን ደጋግመን ብንሞክር ያንን ስሜት መልሰን አላገኘነውም። በጣም አዘንኩ። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጌ አሁን 11 ጊጋ አለኝ።

ላይብረሪዎቹ ያሉበት ፎልደር ብቻውን 238 ጊጋ ነው። ዳውንሎድስ ደግሞ 61 ጊጋ ይዟል። አምና በራሴ ላጽዳ ብዬ ትልልቆቹን ፋይሎች እየመረጥኩ ሰርዤ ነበር። በማግስቱ የስትሪንጉን ድምፅ ስከፍት ሳምፕሎቹ (የተቀዱት ድምፆች) የሉም የሚል ሳጥን መጣ። መልሼ ለማውረድ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ የኢንተርኔት ፓኬጄም አለቀ። ስለዚህ አሁን ምንም ለመንካት ፈርቻለሁ።

ምን ቢሰረዝ ችግር የለውም? ወደ ኤክስተርናል ባዛውርስ ኮንታክት ያገኘዋል ወይ? አንድ ጓደኛዬ ኮንታክት ውስጥ ያለውን ፐርጅ ብትጫን ቦታ ይለቅልሃል ብሎኛል፣ እውነት ነው?

ሌላው፣ እዚያው ዲስክ ላይ የአባቴ ክራር አለ። አባቴ እየመታልኝ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ፣ በትዝታም በባቲም ቅኝት የቀዳሁት ነው። አሁን እጁ አይታዘዝለትም። እሱ እንዳይጠፋብኝ በጣም እሰጋለሁ።

የድሮ_ቀራጭ፦

ልጄ፣ ከሁሉም በፊት የአባትህ ክራር። ሌላ ምንም ሳትነካ ዛሬ ማታውኑ ያንን ፎልደር ሁለት ቦታ ኮፒ አድርገው፤ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ከቤትህ ውጪ፣ ዘመድ ወይ ጓደኛ ጋ። የገዛኸውን ላይብረሪ ቢደክምህም ቢያስወጣህም መልሰህ ታወርደዋለህ። ይሄ ግን ከየትም አይወርድም። ደግሞም ቦታህን የበላው እሱ አይደለም። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በስቴሪዮ የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ነው የሚይዘው። አባትህ ሦስት ሰዓት ቢጫወት እንኳ 3 ጊጋ ነው። ኤምፒ3 አድርጌ ላሳንሰው እንዳትል፤ ከድምፁ ይቀንሳል፣ መነሻው ላይም ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ኪቦርዱን ስትነካ ክሩ ዘግይቶ ይሰማሃል። ማሳነስ ከፈለግክ ፍላክ አድርገው። እሱ ከድምፁ ምንም ሳያጎድል ነው የሚያጥፈው፤ ስትፈታው ያው ያልታጠፈው ዋቭ ነው።

ጓደኛህ ያለህ ፐርጅ የሚያስለቅቀው ራም ነው። ከዲስክህ ላይ ምንም አይነሳም። ላፕቶፕህ ብዙ ድምፅ ከፍተህ ሲከብደው ተጠቀምበት፣ ለዚህ ጉዳይ ግን እርሳው።

አምና ምን እንደሰረዝክ ደግሞ ልንገርህ። የአንዱን ላይብረሪ ፎልደር ክፈትና በመጠን ደርድረው። ከታች ኤንኬአይ የሚል መጨረሻ ያላቸው ትንንሽ ፋይሎች ታገኛለህ። ኮንታክት ውስጥ ስትከፍት የምትጫነው እነሱን ነው፣ ስለዚህ መሣሪያው እነሱ ይመስሉሃል። ግን የትኛውን ቁልፍ ስትነካ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ ነው የሚናገሩት እንጂ ድምፁ እነሱ ውስጥ የለም። ድምፁ ያለው ከላይ ባሉት ግዙፍ ፋይሎች ውስጥ ነው፣ ኤንኬኤክስ ወይም ኤንሲደብሊው በሚሉት። አንተ ትልልቁን ስትለቅም ቫዮሊኑን ራሱን ጥለህ ስሙን አስቀረህ። ላይብረሪ ውስጥ ገብቶ መልቀም የለም። ወይ ፎልደሩ በሙሉ ይቀመጣል፣ ወይ በሙሉ ይሄዳል።

ቶሎ ቦታ የምታገኘው ከዳውንሎድስ ነው። 61 ጊጋው አብዛኛው ራር፣ ዚፕና አይኤስኦ ይሆናል፤ ፈትተህ ኢንስቶል ካደረግክ በኋላ ሳታጠፋ የተውካቸው። አንድ ላይብረሪ እኮ ዚፑ አንድ ጊዜ፣ የተፈታው ሌላ ጊዜ እየሆነ ሁለት እጥፍ ቦታ ይይዛል። ግን በጅምላ አትሰርዝ። እያንዳንዱን ላይብረሪ ከፍተህ ተጫወተው፣ ድምፅ ካወጣ ዚፑ ይሂድ። እንደኛ ኢንተርኔት ውድ በሆነበት አገር ግን እኔ ዚፑንም አልጥልም፤ አሮጌ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ላይ አከማቸዋለሁ። ለማስቀመጫ ፍጥነት አያስፈልግም።

ሀይበርኔሽንን፣ ላፕቶፑ ሲጠፋ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን፣ አጥፋው ብዙ ጊጋ ይለቃል የሚሉህ አሉ። እውነት ነው፣ ይለቃል። ግን መብራት በሚጠፋበት ቤት ባትሪህ ሲያልቅ ሥራህን የሚያድንልህ እሱ ነው። እኔ አልነካውም።

ሴት_ሚክሰር፦

ጋሼ ስላሉት የምጨምረው የለኝም። እኔ ስለ ማዛወሩ ልናገር፣ የተጎዳሁት እዚያ ላይ ነውና።

እባክህ ከት አድርገህ ፔስት አታድርግ። እኔ 140 ጊጋ በከት ሳዛውር መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ሀርድ ዲስኩ ግን ከሶኬት የሚሠራ ትልቁ ዓይነት ስለነበር ቀጥ አለ። ግማሹ ፋይል እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ቀረ። እንደምንም ሰብስቤ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን የሳክስ ድምፅ ስጫወት አንዲት ኖታ ጭጭ አለች። ከላይም ከታችም ያሉት ይሰማሉ፣ እሷ ብቻ የለችም። ፋይሉ መጠኑ ልክ ነው፣ ውስጡ ግን ተበላሽቷል። ኮፒ ቢሆን ኖሮ ዋናው በቦታው ይገኝ ነበር።

ስለዚህ ኮፒ አድርግ። ቴራኮፒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እንዲያመሳክር ካዘዝከው ኮፒ ከጨረሰ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች አመሳክሮ የተበላሸ ካለ ይነግርሃል። ከዚያ በፊት ግን የኤክስተርናሉ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ መሆኑን እይ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የላይብረሪ ፋይሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣሉ። ፎርማት ማድረግ ካስፈለገ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሳ። ከቻልክ ኤስኤስዲ ግዛ፤ ኮንታክት የድምፁን መጀመሪያ ብቻ ራም ላይ ይዞ ቀሪውን እየተጫወትክ ነው ከዲስክ የሚያነበው፣ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ብዙ ስትሪንግ ባንዴ ሲጠየቅ አይደርስለትም።

ሰው የማያስበው ነገር የድራይቩ ፊደል ነው። ዛሬ ኢ ሆኖ የገባው ነገ ፍላሽ ሰክተህ ከሆነ ኤፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ላይብረሪው ሁሉ የለም ይልሃል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተህ ራቅ ያለ ፊደል ስጠው። የኔ ኤም ነው፣ ሁሌም ኤም ሆኖ ይመጣል።

ኮፒው ካለቀ በኋላ የድሮውን ፎልደር አትሰርዘው፣ ስሙን ብቻ ቀይረው። መጨረሻው ላይ "የድሮ" ብለህ ጨምርበት። ያኔ ኮንታክት በድሮው መንገድ ሊያገኘው አይችልም፣ ከአዲሱ ቦታ እያነበበ መሆኑን በእርግጠኝነት ታውቃለህ። ይህን ካላደረግክ ሁሉም ደህና ይመስልሃል፣ እሱ ግን ሳታውቀው ከሲ እያነበበ ይሆናል፣ የሰረዝክ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀጥሎ ኔቲቭ አክሰስን፣ የኮንታክት ላይብረሪዎች የሚመዘገቡበትን ፕሮግራም፣ ክፈት። ላይብረሪዎቹን አጣኋቸው ይላል፣ አትደንግጥ፣ አዲሱን ፎልደር አሳየው። እዚያ የማይመዘገቡት ላይብረሪዎች ደግሞ ፎልደራቸው ሳይበተን እንዳለ ከተዛወረ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይከፈታሉ። እምቢ ካሉ ሳጥኑ ሲመጣ ፎልደሩን ጠቁመው፣ ከተገኘ በኋላ ባች ሪሴቭ (አዲሱን ቦታ ፋይሎቹ ላይ የሚጽፈው ትዕዛዝ) አድርገው፣ ሁለተኛ አይጠይቅህም። ባች ሪሴቭ ግን በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ኤንኬአይ ፋይሎች ሁሉ ደግሞ ስለሚጽፋቸው መጀመሪያ ኮፒያቸውን ያዝ።

ክራር_በቤት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክራሩን ዛሬውኑ ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ። እርስዎ እንዳሉት ሁሉም ተደምሮ 2 ጊጋ እንኳ አልሞላም። እህቴ፣ የስም መቀየሯ ዘዴ በጣም ጠቀመችኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። 74 ጊጋ የሚሆን የኳየር (የመዘምራን ድምፅ) ላይብረሪ አለኝ። ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም፣ ሁለት የድሮ መዝሙሮች ላይ ግን አለ። ልሰርዘው ወይስ ላዛውረው?

ሜሪላንድ_ኪቦርድ፦

ወንድሜ፣ ኤክስተርናሉ ከበቃህ አዛውረው። ልትሰርዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሁለቱን መዝሙሮች ክፈትና የኳየሩን ትራክ ለብቻው ዋቭ አድርገህ አውጣው፣ ከመዝሙሩ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ኋላ መልሰህ ስትጥለው በቦታው እንዲገጥም። ሚዲውንም፣ ማለትም የትኛው ኖታ መቼ እንደተመታ የሚይዘውን፣ አስቀምጥ። እኔ እዚህ ለቤተክርስቲያን ሳቀናብር ከሦስት ዓመት በኋላ "ያንን መዝሙር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልን" የሚል ጥያቄ መጥቶብኛል። ዋቩ ብቻ ቢኖረኝ ድምፁን መጎተት ነበረብኝ። ሚዲው ስለነበረ በሌላ ኳየር አጫወትኩት። ኤፍኤል ላይ ደግሞ ፕሮጀክቱን በዚፕ ሉፕ ፓኬጅ ኤክስፖርት ብታደርገው የተጠቀምክባቸውን የዋቭ ሳምፕሎች ሰብስቦ አብሮ ያሽግልሃል። የኮንታክት ድምፆችን ግን አያሽግም።

ሌላው፣ ትልቁን ላይብረሪ በእርግጥ ትፈልገዋለህ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ላይብረሪ ውሰድ። ትልቁ፣ ፕሮ የሚባለው፣ ከ500 ጊጋ በላይ ነው። ትንሹ ዲስከቨር 200 ሜጋ ገደማ ነው። ልዩነቱ አንዱ ድምፅ በስንት ማይክና በስንት ዓይነት አመታት እንደተቀዳ ነው። ከከበሮና ከጭብጨባ ጀርባ ለሚገባ ስትሪንግ ትንሹ ሲበቃ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ማክ የምትጠቀሙ ካላችሁም ለእናንተ ልበል። የማኩ ማቀናበሪያ ሎጂክ ውስጥ ሳውንድ ላይብረሪ በሚለው ሜኑ ስር ማዛወሪያ አለ፣ በእጃችሁ አትጎትቱ። ኤክስተርናሉ ኤፒኤፍኤስ ወይም ማክ ኦኤስ ኤክስቴንድድ መሆን አለበት፣ ኤክስፋት አይሆንም። ሰርዛችሁ ቦታው ካልጨመረ ደግሞ አትደናገጡ፤ የማኩ ባክአፕ ታይም ማሽን እዚያው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ቅጂ እስከ 24 ሰዓት ሊይዘው ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ቦታው አልጨመረም ብሎ በንዴት ሌላ ላይብረሪ ጨምሮ ሰረዘ። በማግስቱ የሁለቱም ቦታ ተለቅቆ አገኘው፣ ሁለተኛውን ግን እንደገና ማውረድ ነበረበት።

ክራር_በቤት፦

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። 1 ቴራ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ፊደሉን ኤም አልኩት። 238 ጊጋውን በቴራኮፒ ኮፒ አድርጌ አመሳከርኩ፣ አንድም ስህተት አልወጣም። የድሮውን ፎልደር ስሙን ቀየርኩ። ኮንታክትን ስከፍት ሁሉም ጠፋ፣ ብትነግሪኝም ልቤ ደነገጠ። ኔቲቭ አክሰስ ላይ አንድ በአንድ አሳየሁት፣ ተመለሱ። ስትሪንጉ፣ ፒያኖው፣ ብራሱ ደህና ናቸው። ኳየሩ ብቻ እምቢ ብሎ ነበር። ለካ አዲሱ ቦታ ላይ ፎልደሩ ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ ፎልደር ነበረ፣ እኔ የጠቆምኩት የውጪውን ነው። የውስጡን ሳሳየው ከፈተ።

ዳውንሎድስ ውስጥ የነበሩትን ዚፖች እየሞከርኩ ወደ አሮጌ ሀርድ ዲስክ ወሰድኳቸው። ሲ ላይ አሁን 72 ጊጋ አለኝ። "የድሮ" ያልኩትን ገና አልሰረዝኩም፤ ሁለቱን መዝሙሮች እስካወጣ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ዘማሪዋ ቅዳሜ ተመልሳ ትመጣለች፣ አዝማቹን እንደገና እንቀዳዋለን።

የድሮ_ቀራጭ፦

ጎበዝ ልጄ። ቅዳሜ እሷ ከመምጣቷ በፊት የአባትህን ክራር ከፍላሹ ላይ ከፍተህ አዳምጠው፣ ስድስቱንም ክር። ኮፒ መደረጉን ብቻ አትመን፣ መጫወቱን በጆሮህ ስማ።