«ሕግ ወጥቷል፣ አበቃ» — ምኑ ነው ያበቃው?

መልህቅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ ስለ ቱና ዓሣ ስናወራ «የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ጉዳይ አልቋል። የአገሮቹ የጋራ የቱና ኮሚሽን ሕግ አውጥቷል፣ አበቃ» ብሎን ሄደ። እስካሁን አልበረደልኝም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ሞምባሳ ላይ፣ በተንሳፋፊ ማባበያ (ዓሣ ከሥሩ እንዲሰበሰብ ባሕር ላይ በሚጣል ተንሳፋፊ ነገር) ማጥመድ በዓመት ለ72 ቀን እንዲቆም ተወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ተቃውሞ አስገባ። ሲሸልስም ተከተለች። ታዲያ ምኑ ነው ያበቃው?

ካፒቴን፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፣ ስም አለኝ። ውሳኔው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የጸደቀው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ሰሎሜ፦ ጸድቆስ? 120 ቀን ይሰጥሃል። «አልስማማም» ብለህ ደብዳቤ ትልካለህ፣ ሕጉ አይነካህም። ከአባላቱ ከሲሶ በላይ ከጻፉ ደግሞ የቀሩትም አይገደዱም። እኔም ለትራፊክ ፖሊስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ አምሮኛል።

ካፒቴን፦ ቀልዱን ተዪው። ያ ቀዳዳ ባይኖር ግማሾቹ ከመጀመሪያውም አይፈርሙም ነበር። ከዳርቻው 200 ማይል ወዲያ ያለው ባሕር ባለቤት የለውም።

ሰሎሜ፦ ትናንት «አበቃ»፣ ዛሬ «ቀዳዳ»። ነገ ምን ልትለን ነው?

ጨው ባሕር፦ ሁሉም አውሮፓ ላይ ብቻ ይጮኻል። በመረብ የሚያጠምዱት የባሕር ዳርቻ አገሮችስ ቱናውን አይጨርሱም? ትንሽ ጀልባ ሲበዛ ትንሽ አይደለም።

መልህቅ፦ ልክ ነህ፣ ግን ማባበያው ሌላ ጣጣ አለው። ስኪፕጃክ የሚባለውን ቱና ፍለጋ ትጥለዋለህ፣ «የሎውፊን» የሚባለው ሌላው ቱና ገና ሳያድግ ከሥሩ ይሰበሰባል፣ መረቡ አንድ ላይ ይዞት ይወጣል። ማልዲቭስ ስኪፕጃኩን በዘንግ አንድ በአንድ እያነሳች ትኖር የለም እንዴ?

ካፒቴን፦ በዘንግ የዓለምን ቆርቆሮ ሙላ እስቲ! ደግሞም የሎውፊን በ2015 ከልክ በላይ ተጠምዷል ተባለ፣ በ2024 ግምገማ ግን ከዚያ ወጥቷል። ኮሚሽኑ ካልሠራ ማን ሠራው?

ሰሎሜ፦ ዓሣው በዝቶ ነው ወይስ የስሌቱ ግብዓት ተቀይሮ? እሱን መልስልኝ።

ባለ መነጽሩ፦ በነገራችን ላይ «አሳ» የምትሉ ሰዎች፣ «ዓሣ» ነው የሚባለው።

ጨው ባሕር፦ ቱናው እያለቀ አንተ ፊደል ቁጠር።

ካፒቴን፦ አትላንቲክን እዩ። ብሉፊን የሚባለው ቱና ኮታ በ2010 ወደ 13,500 ቶን ወረደ። ዓሣው አገገመ፣ በ2020 ኮታው 36,000 ቶን ደረሰ። እዚያም ኮሚሽን ነው፣ እዚያም የተቃውሞ ደብዳቤ አለ።

መልህቅ፦ ዋናዋን ዘለልካት። በዚያው በ2010 ሞናኮ ዶሃ ላይ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ጉባኤ ላይ፣ «የብሉፊን ዓለም አቀፍ ንግድ ይታገድ» አለች። ሐሳቡ ወደቀ፣ ድንጋጤው ግን ቀረ። ገበያው ይዘጋል ሲባል ነው ኮታው የተቀነሰው። የሕንድ ውቅያኖስን ማን አስደንግጦ ያውቃል?

ካፒቴን፦ ስለዚህ ኮሚሽኑ ይፍረስ ነው የምትለው?

መልህቅ፦ የት ጋ አልኩ? ያላልኩትን አታስለኝ። የተቃውሞ ደብዳቤው ይቅር ነው የምለው።

ካፒቴን፦ ደብዳቤው ከቀረ አባላቱም ይቀራሉ። ከእናንተ ጋር ጉንጭ ማልፋት ነው። ወጥቻለሁ፣ አበቃ።

ሰሎሜ፦ 120 ቀን አለህ።