ከቶስካና የመጣ ቀይ ወይን፦ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጠባዩ ነው?

ጠያቂ (ከአውቶፓርኮ ሠፈር)

ለጥምቀት በዓል ከጣሊያን ወደ ጎንደር የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ባለው ኮረብታማ አገር ከሚገኝ አንድ ትንሽ የቤተሰብ እርሻ የገዛቸውን ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን አምጥቶልን ነበር። በጠርሙሱ ላይ «ኪያንቲ ክላሲኮ» የሚል ጽሑፍ፣ የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክትና 2019 የሚል ዓመት ይታያል። አንዱን በቃና ዘገሊላ ዕለት ከዶሮ ወጥ ጋር አቀረብነው። በቤታችን የለመድነው ጣፋጭ ወይን ስለሆነ እንግዶቹ «ይጎመዝዛል፣ ምላስ ያደርቃል» እያሉ ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ተዉት፤ አባቴም ተበላሽቷል ብለው ፈረዱ። እኔ ግን ማምሻውን የቀረውን ስቀምሰው መዓዛው ከቀኑ እጅግ ተለውጦና አምሮ አገኘሁት። ሁለተኛውን ጠርሙስ ለፋሲካ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ወይን በአግባቡ የሚቀመሰው እንዴት ነው? ከየትኛው ምግባችን ጋርስ ይስማማል? የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (ከፒያሳ፣ በሆቴል መስተንግዶ የሚሠራ)

ወንድሜ፣ ከገለጹት በመነሣት ወይኑ አልተበላሸም ብዬ አምናለሁ። የተበላሸ ወይን አየር ባገኘ ቁጥር ይብስበታል እንጂ አያምርም፤ ቡሹ የተበከለ እንደሆነ የራሰ ካርቶን ይሸታል፣ ወደ ኮምጣጤ የተለወጠ እንደሆነ ደግሞ ሽታው አፍንጫ ይወጋል።

እንግዶችዎ የቀመሱት የዘሩን ጠባይ ነው። የኪያንቲ ክላሲኮ ደንብ ከወይኑ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከተባለው ጥቁር የወይን ዘር እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህ ዘር አሲዱ ከፍ ያለ፣ ታኒኑም ጠንከር ያለ ነው። ታኒን ከፍሬው ቆዳና ከውስጥ ፍሬው የሚወጣ ነገር ሲሆን፣ በምራቃችን ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ምራቁ አፍን ማለስለሱን ይተዋል፤ አለልክ የፈላ ሻይ ድድ ላይ የሚተወው ስሜት ከዚሁ የተነሣ ነው። በመፍላት ጊዜ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ አልኮል ስለተለወጠ፣ አሲዱንና ታኒኑን የሚሸፍን ጣፋጭነት አልቀረለትም።

እርሻው ትንሽ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ እኔ ይህን ወይን የማከብረው በተለይ ስለዚህ ነው። ትልልቅ ነጋዴዎች ከብዙ ገበሬ የገዙትን እየቀላቀሉ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ ጣዕም ለማውጣት ይጥራሉ። የራሱን ፍሬ ለቅሞ፣ ራሱ ጠምቆ፣ በራሱ ግቢ ጠርሙስ የሚሞላ ቤተሰብ ግን የአንድ ኮረብታን አፈርና የአንድ ዓመትን ዝናብና ፀሐይ ነው የሚያቀርበው። በጠርሙሱ ላይ ያለው 2019 ፍሬው የተለቀመበት የፈረንጆች ዓመት ነው፤ በቶስካና ለቀማው በአብዛኛው በመስከረም ገደማ ስለሚካሄድ፣ በእኛ አቆጣጠር የ2012 መግቢያ መሆኑ ነው። የአካባቢው ክብር ደግሞ የቆየ ነው፤ የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮሲሞ ሣልሳዊ የኪያንቲን ወሰን በአዋጅ የከለሉት በፈረንጆች 1716 ሲሆን፣ ጥቁር አውራ ዶሮውም በፈረንጆች 1924 የተመሠረተው የአምራቾቹ ማኅበር ምልክት ነው።

ለፋሲካ ሲከፍቱት ሙቀቱን ይጠንቀቁ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ለቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤት የተነገረ ነው፤ የሚያዝያ ቀትር በጎንደር ለወይን ይሞቃል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ እንዲሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት። ቡሹን መንቀል ብቻውን ብዙ አየር አያስገባም፤ የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ነውና ወይኑን ከምግቡ አንድ ሰዓት አስቀድመው ወደ ንጹሕ የብርጭቆ ጆግ ይገልብጡት።

መልስ 2 (ከማራኪ)

በመጀመሪያው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ወይኑን በእንግዶቹ ፊት ያስወቀሰው ዶሮ ወጡ ይመስለኛል። የበርበሬ ማቃጠልና አልኮል እርስ በርሳቸው ይበራታሉ፤ አፍ በበርበሬ ሲቃጠል ወይኑ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ታኒኑም ይሻክራል። ስብ፣ ፕሮቲንና ጨው ግን ታኒንን ያለዝባሉ። ስለዚህ ሚጥሚጣው የቀነሰ ለብለብ ክትፎ ወይም የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ ያቅርቡ። ቶስካናዎችም ሥጋ ሲጠብሱ ያንኑ ቅጠል ስለሚጨምሩ ወይኑ ከለመደው ምግብ ጋር ይገናኛል።

መልስ 3 (ከአዘዞ፣ ጠጅ የምትጥል እናት)

ልጄ፣ ከሚያስተናግደው ወንድማችን በአንድ ነገር እለያለሁ። ወይኑን በሙሉ ገልብጦ አንድ ሰዓት መጠበቅ የመጀመሪያውን መዓዛ ያስቀርባችኋል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቡሹ እንደተነቀለ አሽትተህ ቅመሰው፤ የቀረውን ያኔ ገልብጠው። አንተ በቃና ዘገሊላ ያገኘኸው ለውጥ የወይኑ ዋና ደስታ ስለሆነ መነሻውን ሳያውቁ መድረሻውን ማድነቅ አይቻልም። ብርሌ ለጠጅ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ሰብሰብ ያለ ብርጭቆ ፈልገህ ከሲሶው አታሳልፍ። በመጀመሪያ ሳትነካው አሽትት፤ ቀጥሎ አዙረህ አሽትት፤ ስትቀምሰውም ቶሎ አትዋጠው፣ ምላስህን በሙሉ ይዳስስ። ልጆቼ ከውጭ ያመጡልኝን ሳንጆቬዜ ስቀምስ በመጀመሪያ ጎምዘዝ ያለ ፕሪም፣ ቆየት ሲል ከሰሜን ተራራ የሚወርደውን የደረቀ ጦስኝ፣ በመጨረሻም የለፋ ቆዳ የመሰለ መዓዛ አግኝቼበታለሁ። አባትህ ደረቅ ጠጅ የሚወዱ ከሆነ የጌሾውን ምሬት ለምደዋልና ይህም አይከብዳቸውም፤ ብቻ ከጣፋጭ ወይን በኋላ አትስጣቸው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እናታችን እንዳሉት ወዲያው እንቀምሳለን፤ ቀሪውን ወደ ጆግ ገልብጠን ከበግ ጥብሱ ጋር እናቀርባለን። እስከዚያው ጠርሙሱን አቁሜ ላስቀምጠው ወይስ አጋድሜ?

መልስ 1

ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድመው፣ ብርሃን በማይደርስበትና ከምድጃ በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። አተላ ቢኖረው ወደ ታች እንዲወርድ በቀዳም ስዑር ጠዋት ያቁሙት፤ ሲገለብጡም በዝግታ ይሁን፣ አተላው ወደ ጠርሙሱ ትከሻ ሲደርስ ያቁሙ።