ሆረር ልብወለዴ የወጣት ነው የአዋቂ? እርዱኝ

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ሆረር እየጻፍኩ ነው፣ ዋናዋ ገጸ ባህሪ 16 ዓመቷ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ጋ ማታ ማታ የሞተ ወንድሟ ከውሃው ውስጥ ይጠራታል። ለሃይስኩል ልጆች ብዬ ነበር የጀመርኩት ግን ያነበበልኝ ጓደኛዬ "ይሄማ የትልቅ ሰው ነው" አለኝ፣ ለምን ስለው ማስረዳት አቃተው። ደም ስለበዛበት ይሆን? ልቀንሰው? አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ "ያኔ ልጅ ነበርኩ። ያ ሐይቅ ምን እንደወሰደብን የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እናቴን ከቀበርን ወዲህ ነው።"

ታቦር ስር፦ ደሙን ተይው ባክሽ፣ ጣጣው አጀማመሩ ላይ ነው። "ያኔ ልጅ ነበርኩ" ስትል የምታወራው ልጅቷ ሳትሆን ትልቅ ሴትዮ ናት፣ በዛ ላይ እንደተረፈች ገና ከመጀመሪያው ነገርሽን። የወጣት ሆረር አሁን ነው የሚሆነው፣ አንባቢው እሷ ከምታውቀው በላይ አያውቅም። እንዲህ ሞክሪው፦ "ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው። እማዬ ሁለቴ ደውላለች። ውሃው ውስጥ አቡሽ እየጠራኝ ነው፣ ያውም ቤት ውስጥ ብቻ በሚጠራኝ ስም።"

መጽሐፍ አዟሪ፦ ልክ ነው፣ ዕድሜዋ ብቻውን ምንም አይወስንም። የስቴፈን ኪንግ "ካሪ" በፈረንጆች 1974 ሲወጣ ልጅቷ ሃይስኩል ተማሪ ናት ግን መጽሐፉ ለአዋቂ ነው የታተመው። 1989 ላይ የጀመረው የአር ኤል ስታይን "ፊር ስትሪት" ደሞ ግድያ በግድያ ሆኖ ለቲንኤጀር ነው የተጻፈው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የምልሽ የኔ እህት፣ የሚያስፈራት ምንድነው? እኔን አሁን የሚያስበረግገኝ ልጄ ብትጠፋብኝስ፣ ባሌ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝስ፣ ተበድረን የሠራነው ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ቢኖርስ ጥለነው የት እንሄዳለን የሚለው ነው። የ16 ዓመት ልጅን ግን የሚገላት የሚያምናት ማጣት ነው፣ ብትናገር ወይ "ስልክ አብዝተሽ ነው" ትባላለች ወይ ጸበል ትወሰዳለች። ትልልቆቹን ከመንገዷ አውጪያቸው፣ ግን ዝም ብለው አይጥፉ፣ አባትየው ለምሳሌ የሞያሌ መስመር ሹፌር ይሁን።

አሞራ ገደል፦ ደሙን ተይው በሚለው እንኳ አልስማማም። ሬሳው ከሐይቅ ሲወጣ ሁለት ገጽ ሙሉ ከገለጽሽ መጽሐፉን መጀመሪያ የሚመልስልሽ ወላጅና የትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው፣ ይሙት ግን ካሜራሽን እዛው ተክለሽ አትቁሚ። ደሞ ማታ ሳር ሊግጥ የሚወጣ ጉማሬ እያለልሽ ጋኔን ምን ያደርግልሻል ሃሃሃ

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ኧረ ተባረኩ! አንድ የቀረኝ፣ መጨረሻ ላይ ትሞታለች፣ ልቀይረው?

ታቦር ስር፦ ትሙት ችግር የለውም፣ ግን በራሷ ምርጫ ይሁን፣ ታናሿን አስጥላ ምናምን። አዋቂ ላይ ሁሉንም ያለ ምክንያት ብትጨርሺያቸው ማንም አይቆጣሽም፣ ወጣቱ ግን ትንሽ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ይልቅ "እኔ" እያለች እየተረከች ከሞተች የመጨረሻውን ምዕራፍ ማን ሊያወራው ነው?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ውይይ! ታናሿ ብትቀጥለውስ?

ታቦር ስር፦ ይሄዳል፣ ግን እዛ ስትደርሺ ድንገት እንዳይሆን ታናሿን ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምረሽ አስገቢያት።