ኤቪ ሪሲቨር ይሻለኛል ወይስ ፕሮሰሰርና አምፕሊፋየር ለየብቻ? (ቤቱ አያት ነው)

የአያት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አያት ነው፤ ግንባታው አልቆ ልስን ላይ ደርሰናል። ከሳሎኑ ጎን ያለችውን 4 በ5.5 ሜትር ክፍል ለፊልም ብቻ ለይቻታለሁ። ስፒከሮቹን ገዝቻለሁ፦ አራት ኢላክ ዴቡ ቢ6.2 እና መሃል የሚቀመጠው የዚያው ዘር። ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ገና አልገዛሁም። ሶፋው ከፊት ስፒከሮቹ 3.2 ሜትር ይርቃል።

የቸገረኝ እነዚህን የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ለገና ሲመጣ ይዤልህ ልምጣ ብሎኛል። አንዱ ሐሳብ ዲኖን ኤክስ3800ኤች የሚባለው ኤቪ ሪሲቨር ነው (የዲሽ ሪሲቨር ማለቴ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩና አምፕሊፋየሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉበት ነው)። ሌላው ድምፁን ፈትቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ፕሮሰሰር ለብቻ፣ ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ባለ 5 ቻናል አምፕሊፋየር ለብቻ መግዛት ነው። በጀቴ 2,500 ዶላር ነው፤ ሰብዉፈሩም ከዚሁ ይወጣል። ድምፅ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉንም ነገር አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ጥሩ አይደለም ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙ ዓመት የሚያገለግለኝን ነው የምፈልገው። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጠጋኙ፦

ልጄ፣ አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት ከማለትህ በፊት ዕቃው የሚሰካበትን ሶኬት አስብ። የአያት መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ወንድምህ አሜሪካ የሚገዛው ሪሲቨር ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፎበታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ቮልቱን ነው፤ ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ማውረጃው ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት 50 ኸርዝ ሲገባበት ብረቱ የሚሸከመው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል። ፋብሪካው ልኩን አጥብቦ ሠርቶት ከሆነ ብረቱ ይጠግባል፤ ፊልም ሳይከፈት እንኳ ይግላል፣ ያጉረመርማል። በጥገና ሥራዬ እንዲህ ሆነው የሚመጡልኝን ሳይ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዕቃው ራሱ ጥሩ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ዱባይ ወይም አውሮፓ ሰው ካለህ ከዚያ ይምጣልህ። እዚያ የሚሸጠው ለ230 ቮልት 50 ኸርዝ የተሠራ ነው። የዱባዩ መሰኪያ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ የሪሲቨር ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ተነቃይ ስለሆነ ገመዱን ብቻ በእኛው ክብ ጥርስ ትለውጠዋለህ። ከአሜሪካ የግድ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍና ሁለቱንም ቮልት የሚቀበል ዕቃ ፈልግ። ለብቻ ከሚሸጡት አምፕሊፋየሮች መካከል 115 እና 230 መምረጫ ያላቸው አሉ፤ ሪሲቨር ላይ ግን ይህን እምብዛም አታገኝም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቢ6.2 አምራቹ እንደሚለው 2.83 ቮልት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ 87 ዴሲቤል ያወጣል። ሂሳቡ እንዲቀለን ይህን 1 ዋት ብለን እንያዘው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ አንተ ሶፋ ላይ ሲደርስ 10 ያህል ተቀንሶ 77 ይቀርሃል። ኃይሉን በ10 ስታባዛው 10 ዴሲቤል ይጨመርልሃል። 10 ዋት 87፣ 100 ዋት 97 ማለት ነው። ግድግዳው የሚመልሰውን አልቆጠርኩም፤ እሱ ትርፍህ ነው።

ሲኒማ ቤት ለአንድ ስፒከር የተቀመጠው ጣሪያ 105 ዴሲቤል ነው። እዚያ ለመድረስ 600 ዋት በላይ ይጠይቅሃል፤ ስፒከርህ የሚችለው ግን 120 ዋት ነው። ትልቅ አምፕ ገዝተህ የምትደርስበት ቦታ አይደለም ማለቴ ነው፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው ስፒከሩ ነው። ደግሞስ ማን ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ይሰማል? ከዚያ 15 ዴሲቤል ዝቅ አድርገህ ብትሰማ፣ እሱም ጎረቤት የሚያስነሳ ነው፣ የፍንዳታው ጫፍ 20 ዋት ቢጠይቅህ ነው። ኤክስ3800ኤች በሁለት ቻናል 105 ዋት ይሰጣል። ሁሉም ቻናል አብሮ ሲሠራ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፊልም ሁሉንም ስፒከር በአንድ ቅጽበት እስከ ጫፍ አያስጮህም። ባለ 200 ዋት አምፕ ብትጨምርበት የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔ የምልህ፦ የሁሉም ቻናል ፕሪአውት ያለውን ሪሲቨር ግዛ። ፕሪአውት ማለት ወደፊት የውጭ አምፕ የምታገናኝበት መውጫ ነው። ኤክስ3800ኤች አለው። ከሱ ዝቅ ካሉት ብዙዎቹ ያላቸው የሰብዉፈር መውጫ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ልቆጥብ ብትል በሩን በራስህ ላይ መዝጋት ነው። የተረፈህን ሰብዉፈር ላይ አውለው። ሰብዉፈር የራሱ አምፕ ስላለው በሪሲቨሩ ሜኑ ስፒከሮቹን ስሞል ብለህ 80 ኸርዝ ላይ ስትቆርጣቸው፣ ከዚያ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ ይሄዳል፤ ይህም ከባዱን ሸክም ከሪሲቨሩ ላይ ያነሳለታል።

ቤዝመንቱ፦

ጋሼ፣ ስለ ኸርዙ የጻፉት ወርቅ ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለን ሰዎች ዕቃ ወደ አገር ቤት ከመላካችን በፊት ልናነበው ይገባል። በአንድ ነገር ግን ልለይዎት።

እኔ ለየብቻ ነው ያለኝ፤ በምርጫዬም ደስተኛ ነኝ። አምፑን የገዛሁት ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከጣሪያም የሚያሰማው ፎርማት) ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። አትሞስ ቤት የገባው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ኤችዲኤምአይ 2.1 በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሪሲቨር የሚመልሰውን ኢአርክን ይዞ። በ2020 እ.ኤ.አ. አዲሱን 2.1 መግቢያ ይዘው ገበያ የወጡ ሪሲቨሮች ከጌም ኮንሶል የሚመጣውን ባለ 120 ኸርዝ 4ኬ ምስል ማሳለፍ አቅቷቸው ገዢው ሲማረር ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል የኔ አምፕ ከቦታው አልተነቃነቀም። የለወጥኩት ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው። ያ የሚያረጅ ነገር ነው፤ ውስጡ ኮምፒውተር ነው። አምፕ ግን የሚገባውን አጉልቶ ማውጣት ብቻ ነው ሥራው፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ አዲስ ፎርማት መጣ ብሎ አያረጅም። ብዙ ዓመት ያገልግለኝ ካልክ፣ ወንድሜ፣ ብዙ ዓመት የሚቆየው ክፍል እሱ ነው።

የኔ ክፍል ከያንተ በጣም ይሰፋል፤ ሶፋው ከስፒከሮቹ 6 ሜትር ይርቃል፣ ስፒከሮቹም ወደ 4 ኦም የሚወርዱ፣ አምፑን የሚያከብዱ ናቸው። እዚህ ሁኔታ ውስጥ የጋሼን ሂሳብ ብትደግመው ሌላ መልስ ይሰጥሃል። ላንተ 3.2 ሜትር ግን ስለ ኃይሉ እኔም አልከራከርም።

በገንዘቡ በኩል ያልተነገረህ ነገር አለ። ፕሮሰሰር አምፕ ስለሌለው ይረክሳል ብለህ እንዳትጠብቅ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡትን ማራንትዝ ኤቪ7706 ፕሮሰሰርና ኤስአር7015 ሪሲቨር ብታይ ውስጣቸው ተቀራራቢ ነው፤ ዋጋቸውም እምብዛም አይራራቅም ነበር፤ አንደኛው ግን 9 ቻናል አምፕ ጨምሮ ነው። ሪሲቨር በብዛት ስለሚሸጥ ወጪው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። በ2,500 ዶላር ፕሮሰሰር፣ አምፕና ሰብዉፈር ብትል ሦስቱንም ደካማ ታደርጋቸዋለህ።

ሌላው ኸም ነው። ሳጥን ሲበዛ፣ በተለይ ምድር መስመሩ በደንብ ባልተሠራ ቤት፣ ስፒከሩ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ድምፅ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። እኔ ይህን ድምፅ በሚከላከለው የኤክስኤልአር ገመድ ነው የተገላገልኩት፤ ሪሲቨሮች ግን አብዛኞቹ ተራውን የአርሲኤ መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው። ደግሞ ክብደቱ፦ ዲኖኑ 12.5 ኪሎ ነው፣ 23 ኪሎ በተፈቀደ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ጨምሮ ይገባል። ባለ 5 ቻናል አምፕ ብቻውን ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ብዙ አለ።

ጎሮ ብሎክ፦

እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሪሲቨር ነው ያለኝ፤ አንድም ቀን ኃይል አነሰኝ ብዬ አላውቅም። የኔ ምክር አጭር ነው፦ ገንዘቡን ሰብዉፈር ላይ አድርገው፣ ከዚያም ከሪሲቨሩ ጋር በሚመጣው ማይክ ክፍሉን በትዕግሥት ለካ። ማይኩን በእጅ መያዝ የለም፤ ጆሮህ በሚሆንበት ከፍታ ማቆሚያ ላይ አድርገው፣ ፍሪጁን አጥፋ፣ ልጆቹን አስወጣ። ኤክስ3800ኤች ላይ ያለው ኦዲሲ ኤክስቲ32 (በማይኩ ልኬት ድምፁን ለክፍሉ የሚያስተካክል ሶፍትዌር) ጥሩ ነው፤ ሌላውን የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር፣ ዲራክንም፣ ተጨማሪ ከፍለህ ልትጭንበት ትችላለህ። በደንብ የተለካ ክፍል ውስጥ ያለ ሪሲቨር፣ ባልተለካ ክፍል ካለ ውድ አምፕ ይልቅ ንግግሩን አጥርቶ ያሰማሃል። እናቴ ፊልም ስታይ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ አይሰማኝም ትል ነበር፤ ያ የቀረው ማይኩን በሥርዓት ካቆምነው በኋላ ነው።

የአያት ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ኸርዙ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜም አልጠረጠረም። ዱባይ የምትሠራ እህት አለችን፤ ለፋሲካ ትመጣለች፤ ከወንድሜ ይልቅ እሷ ብታመጣልኝ ይሻላል ማለት ነው። ኤክስ3800ኤች እንግዲህ ተወስኗል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ቤዝመንቱ እንዳለው አንድ ቀን አምፕ ብጨምር ከየት ልጀምር? መብራቱስ? በኛ ሰፈር ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ ደምቆ ብልጭ ይላል።

ጠጋኙ፦

አምፕ የምትጨምርበት ቀን ከመጣ ከፊት ሦስቱ ጀምር፤ የግራ፣ የቀኝና የመሃል። የፊልም ሥራ የሚበዛው እነሱ ላይ ነው፤ ንግግሩ አብዛኛው በመሃሉ ነው የሚያልፈው። የኋላዎቹ ሪሲቨሩ ላይ ይቆዩ። ቤዝመንቱ አምፕ አያረጅም ያለው እውነት ነው፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ የምትገዛው አምፕ ቀጣዩንም ሪሲቨርህን ያገለግላል። ግን ስፒከር ሳትለውጥ ወይም ክፍል ሳታሰፋ አትግዛው።

መብራቱ ከአምፑ በላይ ያሳስበኛል። ሪሲቨር ውስጥ ቶሎ የሚጎዳው የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ነው፤ ትራንስፎርመሩ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ከሶኬቱ ንቀል፤ ማንም ቤት ከሌለ ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስተላልፍ መከላከያ ያለው ስታብላይዘር ይኑርህ። ስትገዛው ልኩ ከሪሲቨሩም ከሰብዉፈሩም ድምር ከፍ ያለ ይሁን፤ አፉ ላይ የደረሰ ስታብላይዘር ራሱ ችግር ነው። የአንቴናና የዲሽ ገመድም በጣሪያ በኩል መብረቅ ያስገባል፤ ዝናብ ሲከብድ እሱንም ንቀለው። ኤሌክትሪሺያንህ ምድር መስመሩን በመሣሪያ ለክቶ ያሳይህ፤ ሽቦ መቀበሩን ብቻ አትመን።

ሪሲቨሩን በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጋው። ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተው፤ የዲሽ ሪሲቨርም ሆነ ዲቪዲ አትጫንበት።

ከሁሉም በፊት ግን ልስኑ። ይህ በዚህ ሳምንት የምትሠራው ነው። ግድግዳው ክፍት እያለ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወደ ኋላ ስፒከሮቹ ቱቦ አስቀብር፤ ውስጡ ባለ 2.5 ካሬ የመዳብ ገመድ ይለፍ፣ ባለ ሁለት ዘር። አትሞስ አንድ ቀን ሊያምርህ ስለሚችል ጣሪያው ላይም ከሶፋው ትንሽ ወደ ፊት ሁለት ቦታ ገመድ አስጎትት፤ ጫፉን ጠቅልለህ በክዳን ሸፍነው። የስፒከር ቱቦ ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር። ለሰብዉፈሩም ከፊት ሁለት ማዕዘን ላይ ለየብቻ ሶኬትና የአርሲኤ ቱቦ ይኑር፤ የትኛው ማዕዘን እንደሚሻል የምታውቀው ዕቃው ገብቶ ሲሞከር ነው። ለኤችዲኤምአይ ወፈር ያለ ቱቦ፣ ማጠፊያው ሰፊ ሆኖ፣ መጎተቻ ሲባጎ ውስጡ ተትቶ። መንገዱ ከ5 ሜትር ከበለጠ ፋይበር ያለበትን ኤችዲኤምአይ ግዛ፤ እሱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቴሌቪዥን የሚል ምልክት ያለበት ጫፍ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲሆን ለሠራተኞቹ ራስህ ቆመህ አሳያቸው። ልሳኙ ግድግዳውን ከመዝጋቱ በፊት ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን በሜትር ለክተህ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ በኋላ መደርደሪያ ሊሰቅል ግድግዳ የሚበሳ ሰው ይመጣል።