«ተዋሐደ» ወይስ «ተያያዘ»?

ግስ አገላባጭ፦ ስለ ሰሜን አሜሪካ ዓሦች የተጻፈ መግለጫ ስተረጉም አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። ዓሣዋ ኖቱረስ ጂራይነስ ትባላለች። ከአምባዛ ወገን ናት፣ ቅርፊት የላትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። የጻፍሁት፦ «አፏን ስምንት ጢሞች ከበውታል፤ የስብ ክንፏ ከጅራቷ ክንፍ ጋር ተዋሕዷል።» የስብ ክንፍ ያልሁት ከጀርባዋ በስተኋላ ያለውን ሥጋማ ክንፍ ነው። «ተዋሕዷል» ከበደ? «ተያይዟል» ልበል?

የሰዋስው ልጅ፦ ይከብዳል እንጂ! ያለ ቱስሕት (መቀላቀል)፣ ያለ ፍልጠት (መለያየት) አንድ መሆን ነው። ቅዳሴ የሰማ ሰው ይህን ቃል ዓሣ ላይ ሲያየው ይደነግጣል። «ተጋጠመ» በቂ ነው።

የውኃ ሰው፦ «ተጋጠመ» ካልን መለያዋን አጠፋነው። ቡልሄድ የተባለው ሌላው አምባዛ ታዳጊ ሳለ ከእሷ ጋር ይምታታል፤ የእሱ የስብ ክንፍ ግን ጫፉ ነጻ ነው፣ ከጅራቱ ተለይቶ ይቆማል። የእሷ ዝቅ ያለ ረጅም ሸንተረር ሆኖ ጅራቷ ውስጥ ይገባል፤ በመካከል ትንሽ ስርጉድ ብቻ ትታያለች። የተፈጥሮ ተመራማሪው ራፊኔስክ በ1818 እ.ኤ.አ. ለእሷና ለቅርብ ዘመዶቿ ያወጣው «ኖቱረስ» የሚለው ስም ራሱ በግሪክ «ጀርባ» እና «ጅራት» ነው።

የሰዋስው ልጅ፦ ስርጉድ ካለማ ተዋሕዶ አይደለም። ወሰኑ ይታወቃል!

ባለ ድጓ፦ ወሰን መታወቁ ውሕደትን አያፈርስም፣ ልጄ። ቅኔ ቤት ይህን ስናስተምር ኖረናል። እኔን የከነከነኝ ግን «ስምንት ጢም» ነው። ጢም ግእዙ ጽሕም፣ ቦታውም አገጭ ነው። ከላይ ያለው ሪዝ ይባላል።

የውኃ ሰው፦ የኔታ፣ አራቱ አገጯ ላይ ናቸው። ሁለቱ አፍንጫዋ አጠገብ፣ ሁለቱ በአፏ ማዕዘን።

ባለ ድጓ፦ እንግዲያስ አራት ጢም፣ አራት ሪዝ በል።

የሰዋስው ልጅ፦ የኔታ ይቅር ይበሉኝ፤ እኛ ዘንድ «ሪዛም ሽማግሌ» ሲባል የሚታየን እስከ ደረት የወረደው ነው።

ባለ ድጓ፦ እናንተ ዘንድ ቃሉ ሰፍቷል። ያልሰፋው እኛ ዘንድ ነው።

ግስ አገላባጭ፦ ስለ ክንፉስ? ነገ አስረክባለሁ።

የውኃ ሰው፦ የደረት ክንፏን እሾህም እንዳትዘነጋ። መርዝ አለው፤ የኋላ ጠርዙ ግን ልሙጥ ነው። የዘመዷ የብሪንድልድ ማድቶም እሾህ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል።

ባለ ድጓ፦ እሾህ ግእዙ ሦክ ነው፤ አክሊለ ሦክ እንዲል። እንግዲህ «ሠ» እንዴት «ሸ» ሆነች?

የሰዋስው ልጅ፦ የኔታ፣ እሷን እኔ ልመልስ።